ጋራዥ ውስጥ የቆየ ቤንዚን የት ይጣላል?

አሜሪካ የሚገባ ሰው ቤንዚን ይዞ አይመጣም። ቤንዚኑ ነው ቤት ውስጥ የሚጠብቀው። የተከራያችሁት ቤት ጋራዥ ጥግ ላይ፣ ከሳር ማጨጃው ጎን፣ አቧራ የጠጣች ቀይ ጀሪካን ትገኛለች። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ትቷት ሄዷል። ወይም ያገለገለ የበረዶ ማጽጃ ማሽን በርካሽ ገዝታችሁ፣ ታንኩ ውስጥ ያምና ቤንዚን ተኝቷል። ክዳኑን ስትከፍቱት ሽታው የማደያው ዓይነት አይደለም። የቆየ ቫርኒሽ ይሸታል። መልኩም ጠቁሯል።

ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ለአከራዩ ቴክስት አድርጉለት። ንብረቱ የእሱ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም ማስወገዱ የማን ሥራ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጣል።

እዚህ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የሚባል አልኮል አለው። ኢታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ኢታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታች ይዘቅጣል። ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው እየወፈረ ሙጫ ይሆንና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ይደፍናል። ይህ ሁሉ ለመጀመር ከ3 እስከ 6 ወር ይበቃዋል። ታዲያ ለሞተር አይሆንም ማለት አይነድም ማለት አይደለም። በደንብ ይነድዳል።

ዋናው ጣጣ ትነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ያወጣል። የዋሽንግተን ወይም የሚኒያፖሊስ ክረምት አያስተኛውም። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ያለበት ቦታ ይደርሳል። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ ዋተር ሂተሩ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ለምን ቆጥ ላይ እንደተሰቀለ ገርሟችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የግንባታ ደንቡ በአብዛኛው እሳት የሚጭረው ክፍል ከወለሉ 18 ኢንች፣ ማለትም 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ እንዲል ያዛል።

አሁን የኛን ቤት አስቡት። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ብለን ቡና የምንቆላው የት ነው? ጋራዥ ውስጥ። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀሪካኗ ሦስት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ቤንዚን ያለበት ጋራዥ ውስጥ ቡና አይቆላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሲጋራ አይለኮስም። በነገራችን ላይ ከሰል በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማቀጣጠል ቤንዚን ባይኖርም ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ከዚሁ ጋር የመስቀልን ነገር ላንሳ። ውጭ አገር ደመራ ሲደመር እንጨቱ ዝናብ ይመታውና አልያያዝ ይላል። ያኔ አንድ ሰው ከመኪናው ጀሪካን ይዞ ብቅ ይላል። እባካችሁ አስቁሙት። ቤንዚን የፈሰሰበት ደመራ ሲለኮስ ችቦ የያዘውን ሰው ጨምሮ ነው ቦግ የሚለው። ያረጀ ነው፣ ኃይል የለውም የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። የባርቢኪው ከሰልም ላይ አይፈስም።

ታዲያ የት ይጣል? ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨምቀው እሳት ይነሳል። ሽንት ቤትና ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ ትነቱ በቧንቧው ተመልሶ ቤት ይገባል። ግቢ ውስጥ በሰፊ ዕቃ ገልጦ ይትነን ብሎ መተውም አይሆንም። ከሁሉ የባሰው ግን በጨለማ ወጥቶ መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ መድፋት ነው። ያ ፍርግርግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎርፍ በሮክ ክሪክና በአናኮስቲያ አድርጎ ፖቶማክ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያም ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። በሕግም ያስቀጣል።

የኛ ሰው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ፎርም ያስሞሉኛል፣ ከየት አመጣኸው ይሉኛል፣ ያስከፍሉኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ቦታ የለውም። የአሜሪካ ከተሞችና ካውንቲዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚረከቡበት ጣቢያ አላቸው። ስሙ ሃውስሆልድ ሃዛርደስ ዌስት፣ ማለትም ከቤት የሚወጣ አደገኛ ቆሻሻ፣ ይባላል። ለነዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። የሚፈልጉት የዚያ አካባቢ ነዋሪ መሆናችሁን ነው፤ አድራሻ ያለበት መንጃ ፈቃድ ወይም የመብራት ቢል ያዙ። የንግድ ድርጅት ቤንዚን ግን ሌላ ደንብ አለው። የጽዳት ወይም የሳር ሥራ ድርጅት ያላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድ ያላችሁ የምትሄዱት ደርዉድ ወዳለው ሻዲ ግሮቭ ጣቢያ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ቨርጂኒያ ከሆናችሁ አይ 66 አውራ ጎዳና ላይ ያለው የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ወይም ሎርተን ያለው የአይ 95 ግቢ ነው። የሚከፈቱበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ሳትደውሉ አትውጡ። ዲሲም ሞንትጎመሪም የመንግሥት አገልግሎት መጠየቂያው ስልክ 311 ይሠራል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስልኩ እንደተነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉና ጠብቁ። በዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የወጣው በ2004 ነው፤ አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ እንደ ውለታ አትቁጠሩት። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ጋሎን ይቀበላሉ? ቀጠሮ ያስፈልጋል? ጀሪካኑን ይመልሳሉ? ብዙ ቦታ ጀሪካኑም አብሮ ይቀራል። አትዘኑበት።

መንገዱ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ቤንዚኑ ቀይ፣ ለቤንዚን ተብሎ በተሠራ ጀሪካን ይሁን። እዚህ ቀይ ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ፣ ሰማያዊ ለነጭ ጋዝ ነው። አገር ቤት መንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ ሲሸጥ ያየን ሰዎች ስለሆንን በፕላስቲክ ጠርሙስ መያዝ ቀላል ይመስለናል። ጠርሙሱ ለቤንዚን የተሠራ አይደለም፤ ክዳኑ ያፈሳል፣ ልጅም ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጀሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ፤ ሙቀት ሲያሳብጠው መተንፈሻ ይፈልጋል። ክዳኑን አጥብቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እንዳይወድቅ በገመድ እሰሩት ወይም በካርቶን አስደግፉት። መስኮት ክፈቱ። ልጆችን ቤት ተዉ። ሌላ ጉዳይ አትጨምሩ፤ ኮስኮ ጎራ ብላችሁ መኪናው ፀሐይ ላይ እንዲቆም አታድርጉ። አምስት ጋሎን 19 ሊትር ያህል ነው፣ ክብደቱም 14 ኪሎ ይጠጋል። ጣቢያው ስትደርሱ ሠራተኛው ያወርደዋል ወይም የት እንደምታስቀምጡት ያሳያችኋል።

ጥቂት ወር ብቻ የቆየውን ከአዲስ ቤንዚን ጋር ቀላቅሎ መኪና ውስጥ ጨምሮ መጨረስ የሚመክሩ አሉ። ጠርቶ የሚታይ ከሆነና ሙሉ ታንክ ላይ ጥቂት ብቻ ከተጨመረ ይሠራል። እኔ ግን በኡበር ለሚተዳደር ሰው አልመክረውም። ለጥቂት ዶላር ቤንዚን ብሎ እንጀራውን የሚያበስልበትን መኪና ምን አነካካው?

ከማሽን ታንክ ውስጥ ቤንዚን ለማውጣት ቱቦ በአፍ አትሳቡ። አገር ቤት ሹፌርና ረዳት ሲያደርጉት አይተናል። ቤንዚን ሳንባ ከገባ ይገድላል። በጥቂት ዶላር የሚሸጥ የእጅ ፓምፕ አለ። ሰው ከዋጠ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ወተት አጠጡት የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ እሱን ትታችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በነጻ ነው። መተንፈስ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ 911።

ትንሽ ከፈሰሰ በሩን ክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ካት ሊተር የሚሉትን የድመት አሸዋ አልብሱት። የጠጣውን አሸዋ በሚከደን ዕቃ አድርጋችሁ ከቤንዚኑ ጋር ጣቢያው ውሰዱ። ቤንዚን የነካው ልብስ ድራየር፣ የልብስ ማድረቂያ፣ ውስጥ አይገባም።

ለከርሞ ደግሞ አታከማቹ። ለሳር ማጨጃ አንድ ጋሎን ወር ሁለት ወር ይበቃል። ክረምት ሳይገባ ማሽኑን ታንኩ እስኪደርቅ አሠሩት፣ ወይም ከመኪና ዕቃ መደብሩ አውቶዞን ፊውል ስታቢላይዘር፣ ቤንዚን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን፣ ገዝታችሁ ገና በአዲስነቱ ጨምሩበት፤ ካረጀ በኋላ አያድሰውም። ማደያ ስትሞሉ ጀሪካኑን ከትራንክ አውጥታችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። የትራንኩ ምንጣፍ ላይ እንዳለ ከሞላችሁት ስታቲክ፣ ማለትም በፍትጊያ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ፣ እሳት ሊጭር ይችላል።