የቁርጥራጭ ጨርቅ የእጅ ስፌት ለጀማሪ፦ ችግሩ፣ መነሻውና መፍትሄው

«ድሪቶ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከችግር ጋር ተቆራኝቶ የኖረ በመሆኑ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ መስፋትን ለመማር የተነሳ የዘመኑ ሰው ሙያውን «ኩዊልት» ብሎ መጥራት ይቀለዋል። ሥራው ግን ያው መደረት ነው፤ እራፊ ከእራፊ ተገጥሞ ፊት ይሆናል፣ ከሥሩ ጥጥ ወይም ሌላ ማሞቂያ ይነጠፋል፣ ከጀርባው ገበር ይደረጋል፣ በመጨረሻም ሦስቱ ንብርብር በእጅ መርፌ አንድ ላይ ይያያዛሉ። ስለዚህ እዚህ ድሪቶ ስል ያለ ኀፍረት ነው።

ይህን ሙያ ለጀማሪ አስቸጋሪ የሚያደርገው ጉድለቱ የሚታይበትና የሚፈጠርበት ቦታ የተለያየ መሆኑ ነው። ማዕዘን አልገጥም ሲል ሰው የመርፌ አያያዙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከሁለት ቀን በፊት በመቀሱ ላይ ተፈጽሟል። ገበሩ ሲሸበሸብ ስፌቱን ይፈታል፤ ሽብሽቡ የተጀመረው ግን ጨርቁ ወለል ላይ በተነጠፈበት ሰዓት ነው። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ችግር መነሻውን ከታየበት ደረጃ ወደ ኋላ ሄደን እንፈልጋለን። ለምሳሌ እንዲሆነን 9 በ9 የተደረደሩ 81 ካሬዎች ያሉት፣ ሲያልቅ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሕፃን መሸፈኛ እንውሰድ። እያንዳንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሲታይ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተው ጨርቅ) ስለሚያስፈልገው ግን 11.2 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ይቆረጣል።

ማዕዘኖቹ አይገጥሙም፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ይረዝማል

ጀማሪውን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ስላሉትም መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መርፌውን ያስቀምጡና ገና ያልተሰፉትን ካሬዎች አንዱን በሌላው ላይ ይደራርቧቸው። ጠርዛቸው እኩል ካልሆነ ጥፋቱ የአቆራረጥ ነው። የዚህም የተለመደ ምክንያት የቆረጡትን ካሬ ለሚቀጥለው መለኪያ አድርጎ መጠቀም ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከበፊቱ በምልክቱ ውፍረት ያህል እየሰፋ ይሄድና አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። መፍትሄው ከጠንካራ ካርቶን አንድ መለኪያ አውጥቶ ሁሉንም ካሬ በእርሱ ብቻ መቁረጥ፣ የካርቶኑ ጠርዝ ሲበላም በአዲስ መተካት ነው። በልብስ ሰፊዎች ዘንድ የተለመደው የደረቀ ሳሙና ስባሪ ለቀሚስና ለሱሪ ጥሩ ምልክት ማድረጊያ ቢሆንም ለዚህ ሥራ መስመሩ እጅግ ወፍራም ነው፤ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ይሻላል።

ካሬዎቹ እኩል ሆነው ረድፎቹ ከተለያዩ ደግሞ መነሻው የስፌት ትርፉ ነው። በአንድ ረድፍ 9 ካሬዎች ስላሉ በመካከላቸው 8 ስፌቶች አሉ። አንድ ሰው 6 ሚሊ ሜትር መተው ሲገባው 7 ቢተው፣ እያንዳንዱ ስፌት ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ሚሊ ሜትር ስለሚበላ ረድፉ በጠቅላላው 16 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ይህ ከስፌት ትርፍ በእጥፍ የሚበልጥ ልዩነት ነው፤ የተፈጠረውም ማንም ስህተት ብሎ ከማይጠራው ከአንዲት ሚሊ ሜትር ነው። ስለሆነም ትርፉን በዓይን መገመት ትቶ፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለተኛ ካርቶን በቁራጩ የተገላቢጦሽ ፊት መሃል ላይ አስቀምጦ የስፌቱን መስመር በእርሳስ ማስመር ይገባል። ሁለት ካሬ ሲገጣጠሙ ስፒሉ ከፊተኛው ጨርቅ ማዕዘን ገብቶ ከኋለኛው ጨርቅ ማዕዘን ላይ በትክክል መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ከመሰፋቱ በፊት ይስተካከላል።

ስፌቱ የሚጀመረውና የሚያበቃው ከጨርቁ ጠርዝ ሳይሆን ከመስመሩ ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘኖች በሚገናኙበት ቦታ የተረፈውን ጨርቅ አብሮ አለመስፋት፣ መርፌውን በትርፎቹ ሥር ብቻ አሳልፎ በሌላኛው ወገን መቀጠል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ትርፉ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መተኛት ስለሚችል መገናኛው አያብጥም። የተሰፋውን ለማስተካከል ሙሉውን ረድፍ መፍታት አያስፈልግም፤ ከማዕዘኑ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ፈትቶ፣ ማዕዘኑን በስፒል ይዞ መልሶ መስፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በእኔ አስተያየት የአንድ ሚሊ ሜትር መዛነፍ አይፈታም፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በጊስ ቤንድ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ድሪቶዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመትም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል። የብዙዎቹ መስመር እንደ ልቡ ይጣመማል፤ ውበታቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ አስቦ ማጣመምና ተጣሞ መገኘት የተለያዩ ናቸውና ጀማሪ መጀመሪያ ቀጥታውን ቢማር ይሻለዋል።

ጠርዙ ይሞገዳል፣ ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል

የዚህን መነሻ ለመረዳት ድርና ማግን፣ ማለትም የጨርቁን የቁመትና የወርድ ክር፣ ማሰብ ይበቃል። ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ሲጎተት እምብዛም አይሳብም፣ በማጉ አቅጣጫ ትንሽ ይሳባል፣ በሰያፍ ሲጎተት ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ቁራጩ ከድሩ ጋር ሳይመሳሰል ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ አራቱም ጠርዞቹ በከፊል ሰያፍ ይሆኑና በእጅ በመያዛቸው ብቻ ይረዝማሉ። ካሬው በሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ከተከፈለ ደግሞ ረጅሙ ጎን ሙሉ በሙሉ ሰያፍ ስለሆነ፣ ያን ጎን ሲሰፉ ጨርቁን አለመጎተትና ስፒሉን ማብዛት ያስፈልጋል። ከሐበሻ ልብስ የተረፈ የሸማ ቁራጭ ሽመናው ልል በመሆኑ ይበልጥ ይለጠጣልና፣ ከመቁረጡ በፊት በስስ አቡጀዲ ላይ አንጥፎ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ መቁጠር ጠቃሚ ነው።

ሁለተኛው መነሻ ካውያ ነው። ሸሚዝ ስንተኩስ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እንገፋዋለን፤ ገና በመሰፋት ላይ ያለ ቁራጭ ግን እንዲህ ሲገፋ ይለጠጣል። ካውያው ከላይ ተደርጎ፣ ለአፍታ ቆይቶ፣ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቦታ መሄድ አለበት። አስቀድሞ የተለጠጠውን በውኃ እርጥብ አድርጎ፣ በእጅ ወደ ቅርጹ መልሶ፣ ሳይገፉ መተኮስ በከፊል ያስተካክለዋል። የመሸፈኛው አጠቃላይ ጠርዝ ከተሞገደ ዙሪያውን በድሩ አቅጣጫ የተቆረጠ መቀነት ማልበስ ይቻላል፤ ዋናው ነገር የመቀነቱን ርዝመት ከተለጠጠው ጠርዝ ሳይሆን ከመሸፈኛው መሃል ለክቶ መቁረጥ ነው።

ክሩ ይተበተባል፣ ይበጠሳል

ክሩ ረዝሟል። ከ45 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ክር ይቁረጡ፤ ቶሎ ቶሎ መሰካት ያሰለቻል፣ መተብተብ ግን ይበልጥ ያሰለቻል። ክሩን በሰም ላይ አንድ ጊዜ መሳብ ይጠቅማል። በየመካከሉ መርፌውን ለቅቆ እንዲንጠለጠል ማድረግም የተጠማዘዘውን ክር ይፈታዋል።

ስፌቱ ክፍተት ያሳያል፣ ወይም ይኮማተራል

ሁለቱን የተገጠሙ ቁራጮች ወዲያና ወዲህ ሲስቧቸው ክሩ እንደ መሰላል ከታየ ስፌቱ ሰፍቷል ወይም ልል ሆኗል። ለመገጣጠሚያ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ6 እስከ 8 ስፌት በቂ ነው። ስፌቱ ተራ የፊት ለፊት ስፌት ሆኖ፣ በየአራት ወይም በየአምስቱ አንድ ጊዜ መርፌውን ወደ ኋላ መልሶ መውጋት መስመሩን ያጠነክረዋል፤ መጀመሪያውና መጨረሻውም እንዲሁ ይታሰራል። ተቃራኒው ችግር፣ ማለትም መኮማተር፣ ክሩን አጥብቆ ከመሳብ የሚመጣ ነው፤ ጥቂት እንደሰፉ ስፌቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ ወደ ፊት ማለስለስ ያስወግደዋል። መርፌው ወፍራም ከሆነ ስፌቱን ማሳጠር አይቻልም። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናልና 9 ወይም 10 ቁጥር ይፈልጉ። መርፌውን በሚገፋው ጣት ጫፍ ላይ የሚጠለቀውን የብረት ቆብ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይጥለዋል፤ ሦስት ንብርብር መውጋት ሲጀምር ግን ጣቱ ራሱ እንዲያጠልቀው ያስገድደዋል።

በጀርባ በኩል ገበሩ ተጨማዷል

ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሥራው ሁሉ አልቆ ሲገለበጥ ነው። መነሻው ሦስቱ ንብርብር ከመደረታቸው በፊት በደንብ ሳይያያዙ መቅረታቸው ነው። ለገበር አቡጀዲ ይመረጣል፤ ርካሽ ነው፣ ጥጥ ነው፣ መርፌም በቀላሉ ያልፈዋል። ገበሩ ከፊቱ በየአቅጣጫው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ መቆረጥ አለበት። ወለል ላይ የተገላቢጦሽ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይነጠፍና ዳርና ዳሩ በፕላስተር ይያዛል፤ መወጠሩ እንዳይጨማደድ ያህል እንጂ እንደ ከበሮ ቆዳ መሆን የለበትም፣ አብዝቶ የተወጠረ ጨርቅ ሲለቀቅ ተመልሶ ይኮማተራልና። በላዩ ማሞቂያው፣ ከዚያም ፊቱ ይነጠፋል። በመቀጠል ከመሃል ወደ ዳር እየሄዱ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ይሸለላል፤ በመርፌ ቁልፍ መያዝም ይቻላል። ዋናው ስፌትም ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል የሰፋ ሰው ትርፉን ጨርቅ ሁሉ መሃል ላይ ሰብስቦ ያገኘዋል። ጭምዳዱ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ስፌት ፈትቶ ገበሩን ወደ ቅርቡ ዳር ማለስለስ ይቻላል፤ ሦስት አራት ቦታ ከሆነ ግን ፈትቶ እንደገና መሸለል ያዋጣል።

ከታጠበ በኋላ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ተጠቃለለ

በፋብሪካ የተዘጋጀ ንጣፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ባዘቶ ወደ አእምሮ የሚመጣ የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ የሸማ ክር የሚፈተለው ከእርሱ ነውና። ሆኖም ባዘቶ እርስ በርሱ ያልተያያዘ ልቅ ጥጥ በመሆኑ፣ የስፌቱ መስመሮች ከተራራቁ በመጀመሪያው እጥበት ይንሸራተታል። ባዘቶ የሚጠቀም ሰው በስሱና በእኩል አንጥፎ፣ መስመሮቹን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ማቀራረብ አለበት፤ በምሳሌያችን ካሬዎች ላይ ይህ ማለት ከየመገጣጠሚያው ሌላ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት መስመር ማሳለፍ ነው። ለትዕግሥቱ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ያረጀ ጋቢ እጅግ የተሻለ ማሞቂያ ይሆናል፤ የተሸመነ ስለሆነ የትም አይሄድም። ጋቢ ግን ባለ አራት ድርብ ነውና ስፌቱ ተፈትቶ ሁለቱ ድርብ ብቻ ቢወሰድ መርፌው በቀላሉ ያልፋል። በቆላ ለሚኖር ሰው ማሞቂያው ጨርሶ ሊቀር ይችላል፤ የቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉት ሥራ ያረጀ ሳሪ ተደራርቦ በተራ ስፌት የሚያዝበት ነው።

ተጠቃሎ የተገኘውን ለማዳን በአንድ በኩል ያለውን ጠርዝ ፈትቶ ጥጡን በእጅ መበተንና መስመር ጨምሮ መስፋት ይሞከራል፤ ውጤቱ ግን ከመጀመሪያው ጋር እኩል አይሆንም።

ቀዩ ነጩን በከለው፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ይበልጥ ተሰበሰበ

ሁለቱም መነሻቸው ጨርቁ ሳይታጠብ መቆረጡ ነው። ማንኛውም አዲስ የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ መቅረብ አለበት። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ደግሞ ለብቻው ይፈተን፦ ቁራጩን በብርጭቆ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ነክሮ ውኃው ቀለም ካወጣ ደግሞ ማጠብ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦም ካላቆመ ከነጭ ጋር አለመግጠም ነው። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለሙን ይይዘዋል የሚለው ምክር በየቤቱ ይሰማል፤ ተቀልሞ የተሸጠ የጥጥ ጨርቅ ላይ ግን የሚታመን አይደለም። ሥራው አስቀድሞ በቀለም ከተበከለ እንዳይደርቅ፣ ካውያም እንዳይነካው መጠንቀቅ፣ በብዙ ሙቅ ውኃና ሳሙና ነክሮ ውኃው እስኪጠራ ድረስ መለዋወጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ከልብስ ሰፊ ቤት በተለመነ ቁርጥራጭ ውስጥ ፖሊስተር ከጥጥ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ጋለ ባለ ካውያ ሲነካም ይኮማተራል ወይም ይቀልጣል። ለመለየት ከቁራጩ ጥቂት ክር መዝዞ፣ ውኃ አጠገብ አድርጎ፣ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። የአሮጌ ልብስ እራፊ ከሆነ ደግሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይገባል፤ የሳሳውን ቦታ ትቶ ጠንካራውን ብቻ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ደካማ ጨርቅ ስፌቱ አጠገብ ቀድሞ ይቀደዳልና።

ቋጠሮው ፊት ላይ ይታያል

ሦስቱን ንብርብር ለሚያያይዘው የመደረቻ ስፌት ቋጠሮው በጨርቁ ላይ ሳይሆን በውስጡ መቅረት አለበት። ትንሽ ቋጠሮ ቋጥረው፣ መርፌውን ስፌቱ ከሚጀመርበት ቦታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቆ ከፊት በኩል ይውጉት፤ ገበሩን ሳይነካ በማሞቂያው ውስጥ አልፎ በሚፈለገው ቦታ ይውጣ። ከዚያ ክሩን ቀስ አድርገው ሲስቡት ቋጠሮው በላይኛው ጨርቅ ሾልኮ ማሞቂያው ውስጥ ይቀራል። ደጋግሞ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ቋጠሮው አንሷል፣ ጨርቁን የሚቀድድ ከሆነ ደግሞ ገዝፏል፤ ክሩን በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ የተሳበ ቋጠሮ ለአቡጀዲም ለፖፕሊንም ልክ ነው።