የጥንቸላችን ጆሮ እከክ በምን ለቀቀ
ለገጣፎ ነን። ሁለቱም ሴት ናቸው ተብለን ከገዛናቸው ጥንቸሎች አንዱ ወንድ ሆኖ በወሩ ስድስት ግልገል ተወለደ። እሱስ ደስ አለን። ያስቸገረን የወንዱ ጆሮ ነው። ራሱን ያራግፋል፣ ይቧጥጣል፤ ውስጡ ቡናማ ቅርፊት ተደራርቧል።

ቅርፊቱን በጥጥ ጠረግን፤ ደማ። ጂቪ ቀባን፤ የልጆቹ እጅ ሐምራዊ ሆነ እንጂ እከኩ ንቅንቅ አላለም። አስር ቀን ባከነ።

የሠራው አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ነው። የእንስሳት ሐኪም መዝኖ ከቆዳው ስር ወጋው፤ በ14ኛው ቀን ደገመው። መመዘኑ ግድ ነው፦ መድኃኒቱ ከብት የሚወጋበት ባለ 1 ፐርሰንቱ ስለሆነ፣ ለ2 ኪሎ ጥንቸል የሚበቃው ከ0.1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው። ቅርፊቱን አትንኩት፣ ራሱ ይረግፋል። እከኩን የሚያመጣው ተባይ ከጥንቸሉ ውጭም ለሳምንታት ስለሚቆይ ድርቆሹን አቃጥለን ቤታቸውን በፈላ ውሃ አጠብን።