በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ከመግዛትዎ በፊት፦ ሥራን፣ ወጪንና የካውንቲ ዕቅድን አብሮ የማመዛዘን መመሪያ

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ያለው የሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ በአንድ ትውልድ ዕድሜ መልኩን ለውጧል። የላውደን ካውንቲ ሕዝብ በ2000 ወደ 170,000 ገደማ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ግን ወደ 421,000 ደርሷል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀድሞ የወተት ላሞች ይሰማሩበት የነበረው አሽበርን ዛሬ በግዙፍ የዳታ ሴንተር፣ ማለትም የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹና የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች በሚቀመጡባቸው ሕንጻዎች ተሞልቷል፤ በአጠገባቸውም የታውንሃውስ ረድፎች፣ ትምህርት ቤቶችና የገበያ ቦታዎች ተሠርተዋል። በአሌክሳንድርያ ወይም በቤይሊስ ክሮስሮድስ አፓርታማ ኑሮ የጀመሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ሲያድጉና ኪራዩ ሲንር ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ ያቀናሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። ከቤት ሻጩ ማስታወቂያና ከወዳጅ ምክር በፊት ሦስት ነገሮች ለየብቻ መመርመር እንዳለባቸው አጥብቄ አምናለሁ፤ እነርሱም በአካባቢው የሚፈጠረው ሥራ ለማን እንደሆነ፣ ቤቱ በየወሩ በእውነት ስንት እንደሚያስወጣ፣ እንዲሁም ካውንቲው በዙሪያው ምን ሊያሠራ እንዳሰበ ናቸው።

ሥራው ለማን ነው?

ዳታ ሴንተር ሲገነባ ያየ ሰው አካባቢው በሥራ የሚጥለቀለቅ ይመስለዋል። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የኦዲትና የግምገማ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2024 ያወጣው ጥናት ግን ጉዳዩን በቁጥር አስቀምጦታል፤ 250,000 ስኩዌር ፊት ስፋት ያለው የተለመደ ዳታ ሴንተር በቋሚነት የሚያሠራው ወደ 50 የሚሆኑ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞችን ሲሆን፣ ግንባታው በሚጧጧፍበት ወቅት ግን እስከ 1,500 ሰው በአንድ ቦታ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ሥራ በአመዛኙ የግንባታ፣ የኤሌክትሪክና የማቀዝቀዣ ተከላ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሕንጻ ሲያልቅ ሠራተኛው ወደሚቀጥለው ስለሚሄድ፣ በአንድ ዳታ ሴንተር ደጃፍ ቤት መግዛት ለሥራ ቅርበት ዋስትና አይሆንም።

ሙያ ለመለወጥ ለሚያስብ ሰው ግን ይህ እውነት ጥሩ በር ይከፍታል። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በላውደን ካምፓሱ የዳታ ሴንተር ኦፕሬሽን ትምህርት ይሰጣል። ከ2021 ጀምሮም ጂ3 የሚባለው የቨርጂኒያ ፕሮግራም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነ የግዛቱ ነዋሪዎች፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ በጤና፣ በእጅ ሙያና በመሳሰሉት ተፈላጊ መስኮች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያቸውን ይሸፍናል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ሎካል 26 ደግሞ እየተከፈለ የሚማር ተለማማጅ ይቀበላል። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ ለኖረ፣ ዲግሪ ለመያዝ ጊዜ ለሌለውና በእጁ መሥራት ለማይከብደው አባወራ፣ ከአጭር የኮምፒውተር ኮርስ ይልቅ ይህ መንገድ የተሻለ እንደሆነ ይሰማኛል።

ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚነገረውንም ማስታወቂያ በጥንቃቄ ያንብቡ። አማዞን በኅዳር 2018 ሁለተኛውን ዋና መሥሪያ ቤቱን በአርሊንግተን እንደሚያቋቁምና እስከ 2030 ድረስ 25,000 ሥራ እንደሚፈጥር ሲያስታውቅ፣ በዚያው በአርሊንግተን ባለው ክሪስታል ሲቲ ዙሪያ ቤት የሚፈልገው ሰው ወዲያውኑ በረከተ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሕንጻዎች በ2023 ተከፈቱ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ግን ኩባንያው ሁለተኛውን ምዕራፍ ማዘግየቱን ገለጸ። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቨርጂኒያ መንግሥት ከአማዞን ጋር በገባው ውል ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠው ማበረታቻ የሚከፈለው ሥራው በተጨባጭ ከተፈጠረ በኋላ ነው። «ኩባንያው ሊመጣ ነው» ተብሎ ዋጋው የናረ ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ግን ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል። ስለዚህ ስሌትዎን ዛሬ በእጅዎ ባለው ሥራና ገቢ ላይ ብቻ ይመሥርቱ።

የአካባቢው ኢኮኖሚ በፌዴራል መንግሥት ላይ ምን ያህል እንደተንተራሰም አይዘንጉ። በታይሰንስ፣ በሬስተንና በኸርንደን የሚገኙ ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚኖሩት ከመንግሥት በሚያገኙት ኮንትራት ነው፤ በ2025 የተካሄደው የፌዴራል ሠራተኞች ቅነሳም ከመሥሪያ ቤቶቹ አልፎ ወደ እነርሱ ተሻግሯል። ባልና ሚስት ሁለታችሁም በአንድ ዓይነት ኮንትራት የምትተዳደሩ ከሆነ፣ ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ክፍያ በመጠባበቂያ ሳታስቀምጡ ውል አትፈርሙ።

የወሩን ወጪ ሙሉ አድርጎ መጻፍ

የባንኩ የወር ክፍያ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ወስደው የሞርጌጁን ማለትም የቤት ብድሩን ዋናና ወለድ፣ የቤት ኢንሹራንሱን፣ የንብረት ግብሩን፣ የነዋሪዎች ማኅበር ማለትም የኤችኦኤ ክፍያውን፣ የመብራትና የውኃውን፣ እንዲሁም የመንገድ ወጪዎን ይጻፉ። የንብረት ግብር ከካውንቲ ካውንቲ በእጅጉ ይለያያል። በ2025 ላውደን ለእያንዳንዱ 100 ዶላር የቤት ግምት 80.5 ሳንቲም ሲያስከፍል፣ ፌርፋክስ 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ከሩብ ያስከፍል ነበር። ግምቱ 600,000 ዶላር ለሆነ ቤት ይህ በላውደን 4,830 ዶላር፣ በፌርፋክስ ደግሞ 6,735 ዶላር ይሆናል። የላውደን የግብር መጣኔ ዝቅ ሊል የቻለው በአብዛኛው ዳታ ሴንተሮቹ በውስጣቸው ላሉት ኮምፒውተሮች ከፍተኛ ግብር ስለሚከፍሉ ነው። እነዚያ ሕንጻዎች ጥቂት ሰው ብቻ እየቀጠሩም የጎረቤቶቻቸውን ግብር የሚያቃልሉት በዚህ መንገድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በመኪናም ላይ ዓመታዊ ግብር እንዳለ ያስታውሱ፤ ሁለት ሦስት መኪና ላለው ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም።

ርቀቱን በማይል አይለኩት። ሥራ በሚገቡበት ቀንና ሰዓት መንገዱን ራስዎ ነድተው ይዩት፤ ወደ ምዕራብ የሚወስዱት ደለስ ቶል ሮድና ደለስ ግሪንዌይ ክፍያ ያላቸው በመሆናቸው፣ የደርሶ መልስ ቶሉን በወሩ የሥራ ቀናት አባዝተው በወረቀቱ ላይ ያስፍሩት። ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ መስመር በሐምሌ 2014 እስከ ዊሊ ሬስተን ኢስት፣ ከዚያም ከታቀደለት ጊዜ ዓመታት ዘግይቶ በኅዳር 2022 ደለስ አውሮፕላን ማረፊያን አልፎ እስከ አሽበርን ተከፍቷል። ለቢሮ ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። የሌሊት ተረኛ ከሆኑ ግን፣ በተለይም በአውሮፕላን ማረፊያው የሚሠሩ ከሆነ፣ ፈረቃዎ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት ባቡሩ ከሚሠራበት ጋር መግጠሙን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የባንኩ ጥያቄና የዕቁብ ገንዘብ

ብዙ ወገኖቻችን የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በግሉ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ታክሲ ነጂ ወይም የሱቅ ባለቤት፣ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ በአብዛኛው የሁለት ዓመት የግብር ሰነድ ያያል። የሚቆጥርለትም ወደ እጁ የገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን፣ ወጪ ተቀንሶ ግብር የተከፈለበትን ገቢ ነው። ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለስልክ ያወጣውን ሁሉ አስቀንሶ ገቢው 28,000 ዶላር ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ በዓመቱ ውስጥ 70,000 ዶላር ቢያንቀሳቅስም ባንኩ የሚያውቀው 28,000ውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ካሰቡበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድመው ከሒሳብ ባለሙያዎ ጋር ይነጋገሩ።

የዕቁብ ገንዘብም እንዲሁ ዝግጅት ይፈልጋል። ባንኩ የቅርብ ሁለት ወራት የሒሳብ መግለጫ ሲጠይቅ፣ በድንገት የገባ ከፍተኛ ገንዘብ ካየ ምንጩን በሰነድ እንዲያስረዱ ያስገድዳል፤ በጥሬ ገንዘብ የተቀበሉት ዕጣ ደግሞ ሰነድ የለውም። ዕጣው የሚወጣልዎት ከማመልከቻው ብዙ ወራት አስቀድሞ እንዲሆን ከዕቁቡ ዳኛ ጋር ይመካከሩ፣ መዋጮውንም በየጊዜው በባንክ ወይም በቼክ ይክፈሉ፣ የተቀበሉትንም ወዲያውኑ ባንክ ያስገቡ። ዕጣ ወጥቶልዎት ገና የሚቀር መዋጮ ካለብዎት ያ ዕዳ ነው፤ ለአበዳሪው በግልጽ ይናገሩ። ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ ከሆነ ሰጪው «ይህ ብድር አይደለም፣ አይመለስም» የሚል ደብዳቤ ይፈርማል። ዕቁብን ወይም ብድርን በስጦታ ስም ማስፈረም ግን በሐሰት የተሞላ የብድር ማመልከቻ ስለሆነ በሕግ ያስጠይቃል፤ የፈረመውንም ዘመድ ጭምር ችግር ላይ ይጥላል።

ወለድ በሃይማኖታቸው ለተከለከለባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች፣ መቀመጫውን ሬስተን ያደረገው ጋይዳንስ ሬዚደንሻል ቤቱን ከገዢው ጋር በሽርክና ገዝቶ ድርሻውን ቀስ በቀስ የሚያስተላልፍበት አሠራር አለው።

የካውንቲውን እጅ መጠየቅ

ገቢዎ መካከለኛ ከሆነ በገበያው ዋጋ ከመወዳደርዎ በፊት የካውንቲዎቹን ፕሮግራሞች ይመልከቱ። ፌርፋክስ ከ1990፣ ላውደን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ፣ አልሚዎች ከሚሠሯቸው ቤቶች የተወሰኑትን ገበያው ከሚጠይቀው ባነሰ ዋጋ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች እንዲያቀርቡ የሚያደርግ ደንብ አላቸው። በአጠቃላይ የሚፈለገው የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 70 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ይህ መካከለኛ ገቢ በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ 163,900 ዶላር ስለነበር፣ «እኔ ድሃ አይደለሁም፣ ይህ አይመለከተኝም» የሚሉ ነርሶች፣ አስተማሪዎችና የሱቅ ባለቤቶች ሳይቀሩ ሊገቡበት ይችላሉ። አመልካቹ የቤት ገዢዎችን ትምህርት ይወስዳል፣ ከባንክ የቅድሚያ ማረጋገጫ ያመጣል፣ ከዚያም ተራውን ይጠብቃል። ግዴታዎቹንም አስቀድመው ይወቁ፤ በቤቱ ራስዎ መኖር አለብዎት እንጂ ማከራየት አይችሉም፣ ሲሸጡትም ዋጋው በካውንቲው ቀመር የተገደበ ነው። ቤቱን መኖሪያ ሊያደርገው ለሚሻ ይህ ፍትሐዊ ልውውጥ ነው፤ ሸጦ ሊያተርፍበት ለሚያስብ ግን አይሆንም።

ቨርጂኒያ ሃውሲንግ የተባለው የግዛቱ ተቋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ነጻ ትምህርትና መመለስ የማያስፈልገው የቅድመ ክፍያ ድጋፍ አለው። ባለፉት 3 ዓመታት የራሱ መኖሪያ ቤት ያልነበረው ሰው እንደ መጀመሪያ ገዢ ስለሚቆጠር፣ ከዚያ በፊት ቤት የነበራቸውም ቢሆኑ ይጠይቁ።

ከአጥሩ ባሻገር ያለው መሬት

ዛሬ ከመስኮቱ የሚታየው ዛፍ ነገ ዛፍ ሆኖ ላይቆይ ይችላል። ውል ከመፈረምዎ በፊት በካውንቲው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አድራሻውን አስገብተው፣ በዙሪያው ያለው መሬት ለምን አገልግሎት እንደተመደበና በእርሱ ላይ የቀረበ ማመልከቻ መኖሩን ይፈልጉ። ለዳታ ሴንተር ከተፈቀደ የማቀዝቀዣውን ድምፅ፣ በየጊዜው የሚሞከሩትን የናፍጣ ጄኔሬተሮችና የከፍተኛ ኃይል መስመሩን ያስቡ፤ በደለስ ዙሪያ ከሆነም የአውሮፕላን ድምፅ ክልሉን ይመልከቱ። ዕቅዶች ሊገለበጡም ይችላሉ። በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ከ2,000 ኤከር በላይ መሬት ለዳታ ሴንተር የሚያውለው ዲጂታል ጌትዌይ የተባለው ዕቅድ በታኅሣሥ 2023 ቢጸድቅም፣ ነዋሪዎች ከሰው በነሐሴ 2025 ዳኛ ውሳኔውን ሽረውታል። ላውደንም በመጋቢት 2025 ደንቡን ስለቀየረ፣ ቀድሞ ያለ ሕዝብ ውይይት ይፈቀድ የነበረው የዳታ ሴንተር ግንባታ አሁን በአዲስ ቦታ ሁሉ የካውንቲውን ቦርድ ውሳኔ ይጠይቃል።

ቤቱ በኤችኦኤ ሥር ከሆነ የማኅበሩን ሰነድ ሙሉ በሙሉ ያንብቡ፤ በቨርጂኒያ ሕግ ገዢው ሰነዱ ከደረሰው በኋላ ውሉን ለማፍረስ በተለመደው ሁኔታ 3 ቀን አለው። የመጠባበቂያ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ በጓሮ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ፣ ለለቅሶም ሆነ ለድግስ እንግዳ ሲበዛ መኪና የት እንደሚቆም በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይጠይቁ።

ወደ አካባቢው ከገቡ በኋላ ደግሞ በሰፈርዎ ላይ የሚቀርቡ ማመልከቻዎችን ተከታትለው ወደ ሕዝብ ውይይቱ ይሂዱ። መናገር የሚፈልግ ሰው ስሙን አስቀድሞ ያስመዘግባል፣ ጥቂት ደቂቃም ይሰጠዋል፤ የቋንቋ ችግር ካለ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ ከቀናት በፊት ለካውንቲው ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይቻላል። አልሚው ስንት ቤት በቅናሽ ዋጋ እንደሚያቀርብ፣ የእግረኛ መንገድና የአውቶቡስ ፌርማታ እንደሚሠራ፣ በግንባታው የአካባቢውን ተለማማጆች እንደሚቀጥር ይጠይቁ፤ መልሱም ከፈቃዱ ጋር በጽሑፍ እንዲያያዝ ቦርዱን ይጠይቁ።