አልፍለቀለቅ ያለ ዛጎል፦ የካልሲየም ካርቦኔት ሙከራ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሙከራው ሲነገር ቀላል ነው። በድንጋይ ወይም በዛጎል ላይ አሲድ ጠብ ይደረጋል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ካለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ይፍለቀለቃል። ክፍል ውስጥ ሲሆን ግን መፍለቅለቅ ያለበት ዝም ይላል፣ ዝም ማለት ያለበት ይፍለቀለቃል። ያን ጊዜ ብዙ መምህራን ወደ ጠንካራ አሲድ ይሄዳሉ። እኔ አሲዱን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በናሙናው ገጽ ላይ ነው።

ችግር፦ ዛጎሉ ምንም አረፋ አላወጣም

የብዙ ቀንድ አውጣዎችና የሌሎች ባለ ዛጎል እንስሳት ቅርፊት ከውጭ በኩል ፕሮቲን ባለው ስስ ቆዳ ተሸፍኗል። አሲዱ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ቆዳ ስለሆነ ከሥሩ ወዳለው ካርቦኔት ቶሎ አይደርስም። ለጌጥ የተዘጋጀ ዛጎል ከሆነ ደግሞ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ጠርዙን መስበር ወይም በሞረድ ፋቅ ማድረግ ነው። ከዚያ ጠብታውን የተፋቀውና ያልተፋቀው በሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳርፉና በአጉሊ መነፅር ተመልከቱ። በነጩ ጭረት ላይ ጥቃቅን አረፋዎች እንደ ዶቃ ይደረደራሉ፤ አጠገቡ ያለው ቡናማ ቆዳ ግን ጭጭ ይላል። ተማሪ ይህን አንዴ ካየ ሽፋን ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አያስፈልግም። ለረጅም ጊዜ ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጦ የቆየ ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ ተሰብሮ ትኩስ ገጹ ይሞከር።

አሲዱ ኮምጣጤ ከሆነ ትዕግሥት ይጨመርበት። በውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አረፋው ለመታየት አንድ ሁለት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ችግር፦ ድንጋዩ ዝም አለ፣ ዱቄቱ ግን ተፍለቀለቀ

ይህ ብልሽት ሳይሆን መልስ ነው። ድንጋዩ ምናልባት ዶሎማይት ይሆናል፤ ማግኒዚየም ጭምር ያለበት ካርቦኔት ነው። በቀዝቃዛና ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ሲፈጭ ግን አሲዱ የሚያገኘው ገጽ ስለሚበዛ አረፋው ይታያል። የኖራ ድንጋይ ሳይፈጭም ወዲያው ይፍለቀለቃል።

ችግር፦ ያልተጠበቀ ድንጋይ አረፋ አወጣ

መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ጠብታ ሞክሩት። በውሃም አረፋ ካወጣ የወጣው በቀዳዳዎቹ የነበረ አየር ነው። በአሲድ ብቻ ከሆነ አረፋው ከየት እንደሚነሳ ይታይ። በአሸዋ ድንጋይ ላይ ፍሬዎቹ ዝም ብለው በመካከላቸው ያለው ማጣበቂያ ሊፍለቀለቅ ይችላል፤ በባዛልት ላይ ደግሞ ነጩ ደም ሥር ብቻ። ስለዚህ «ካርቦኔት አለበት» እና «የኖራ ድንጋይ ነው» የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ችግር፦ የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ አልፍለቀለቅ አለ

ከጂፕሰም፣ ማለትም ከካልሲየም ሰልፌት የተሠራ ይሆናል። ስሙና መልኩ አያታልላችሁ።

ችግር፦ የኖራ ውሃው ነጣ፣ ከዚያ ጠራ

የኖራ ውሃ የወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ለማረጋገጥ ጋዙ እንዲያልፍበት የሚደረግ የኖራ ሙሙት ነው። ነጥቶ ከጠራ ጋዙ በዝቶበታል። በመጀመሪያ የሚያነጣው የካልሲየም ካርቦኔት ዝቃጭ ነው፤ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ይለወጣል። እንደነጣ ማቆም ይበቃል። ሙከራው ሳይጀመር የደፈረሰ ከሆነ ከአየር ጋር ስለተገናኘ ነው፤ ተጣርቶ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ።

ችግር፦ በኃይል ጀመረና ቆመ

ሃይድሮክሎሪክ ከሆነ ጠብታው አልቋል፤ ሌላ ጨምሩ። ሰልፈሪክ ከሆነ በድንጋዩ ላይ የጂፕሰም ቅርፊት ሠርቶ ራሱን ዘግቷል። የባትሪ አሲድ ይሄው ሰልፈሪክ ስለሆነ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፣ ለተማሪም አደገኛ ነው።

አሲድ የሚያቀጥን መምህር አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምር፤ የዓይን መከላከያ መነፅር ለሁሉም ይደረግ፤ በረኪና በአካባቢው አይኑር። የተረፈው ቀጭን አሲድ ውስጥ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አረፋው እስኪቆም ድረስ ይጨመርና ከብዙ ውሃ ጋር ይደፋ።