አዲስ ተጠቃሚን ከበር የሚመልሱ የኦፕን ሶርስ ድረ ገጾች ስህተቶች

አብዛኞቹ የኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች) ፕሮጀክቶች የሽያጭ ሠራተኛም የማስታወቂያ በጀትም የላቸውም፤ አዲስ ሰው ስለ እነርሱ የሚፈርደው ድረ ገጻቸውን ከፍቶ በሚያየው ነገር ነው። ገጹን የሚያዘጋጁት ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በመሆናቸው፣ ለእነርሱ ሳይነገር የሚታወቀው ነገር ለእንግዳው እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች በመልክ ቢለያዩም፣ የአብዛኞቹ ሥር ገጹ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው መጻፉ ነው።

ሥራውን ትቶ ስለ ነጻነቱ መናገር

ብዙ ገጾች የሚከፈቱት ፕሮግራሙ በየትኛው የፈቃድ ዓይነት እንደሚሠራጭ፣ በምን የፕሮግራም ቋንቋ እንደተጻፈና ስንት ሰው እንደተሳተፈበት በመግለጽ ነው። ይህ ለባለሙያው ጠቃሚ ነው፤ ፎቶ ለማስተካከል ወይም የሱቁን ሒሳብ ለመያዝ ለመጣው ሰው ግን ምንም አይነግረውም። የፕሮግራሙን መልክ የሚያሳይ አንድ ምስል እንኳ የሌላቸው ገጾች ጥቂት አይደሉም።

በተለይ በእኛ አገር «ነጻ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ማንንም አያሳምንም፤ ምክንያቱም በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው ፕሮግራም ክራክ ተደርጎ (የፈቃድ መቆለፊያው ተሰብሮ) በኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ በጥቂት ብር ይጫናል። ስለዚህ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም በዋጋ ብቻ ሊወዳደር አይችልም። ማሻሻያው በየጊዜው ያለ ሥጋት እንደሚገኝ፣ ከክራክ ጋር ተደብቆ የሚመጣ ቫይረስ እንደማይኖር፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም የሚሠራ ከሆነ ይኸው በግልጽ መጻፍ አለበት። «ታዲያ ገንዘቡን ከየት ያገኛሉ?» ለሚለው ተፈጥሯዊ ጥርጣሬም መልስ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ቪ.ኤል.ሲ. ከተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ጀርባ ያለው ቪዲዮላን በፈረንሳይ ሕግ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ ይህን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ከረዥም የፈቃድ ማብራሪያ ይልቅ የእንግዳውን ልብ ያሳርፋል።

በዚህ ረገድ የአኒሜሽን መሥሪያው ብሌንደር ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ደጋፊዎቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነበር፤ ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው ፕሮጀክት ስለ ነጻነት ብቻ ቢተርክ አይፈረድበትም ነበር። በገጹ ላይ ግን ጎልተው የሚታዩት በፕሮግራሙ የተሠሩ ሥራዎች ናቸው። በ2025 የኦስካር ሽልማት ያገኘው የላትቪያዊ ዳይሬክተር አኒሜሽን ፊልም በብሌንደር መሠራቱን ያወቀ ወጣት አኒሜተር፣ ሌላ ማሳመኛ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ማውረጃውን መቅበር

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ጊትሐብ ላይ ያለውን የኮድ ማከማቻቸውን እንደ ድረ ገጽ ይቆጥሩታል። እንግዳው ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያየው የፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ ዓይኑን የሚስበውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጭኖ ሲያወርድም የሚደርሰው ሊጫን የሚችል ፕሮግራም ሳይሆን በዚፕ የታሸገ ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት ጥሬ ጽሑፍ ነው። ሊጫን የሚችለው ፋይል በገጹ ጎን በትንሽ ጽሑፍ በተቀመጠ ማስፈንጠሪያ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያም ቢሆን ስማቸው በቁጥርና በምኅጻረ ቃል የተሞላ ብዙ ፋይሎች ተደርድረው ይጠብቁታል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጎብኚው የሚጠቀምበትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገጹ ራሱ ለይቶ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ማሳየት፣ ሌሎቹን አማራጮች ደግሞ ከሥሩ ማስቀመጥ። የፋየርፎክስና የፓይተን ገጾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ታሪክ ደግሞ ነገሩ ከንድፍ አልፎ የአቋም ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ፕሮጀክቱ ነጻ ላልሆነ (ኮዱ ክፍት ላልሆነ) ሶፍትዌር ቦታ ላለመስጠት ሲል፣ ይፋዊ የመጫኛ ፋይሎቹ ውስጥ ለብዙ የዋይፋይ ካርዶች የሚያስፈልገውን ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራ አነስተኛ ፕሮግራም) ሳያካትት ለዓመታት ቆይቷል። ፈርምዌሩን የያዘው ፋይል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ ከዋናው ማውረጃ ርቆ ተቀምጦ ስለነበር የሚያገኘው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር። አዲሱ ሰው ከዋናው ገጽ ያወረደውን ጭኖ ላፕቶፑ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲለው፣ ጥፋቱን የሚያላክከው በሊኑክስ ላይ ነው። አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጥተው አሠራሩን ለወጡ፤ ሰኔ 2023 የወጣው ደቢያን 12ም አስፈላጊውን ፈርምዌር በይፋዊው ፋይል ውስጥ ይዞ መጣ። በመርሕ መጽናት የሚከበር ነገር ቢሆንም፣ የመርሑን ዋጋ ስለ መርሑ ምንም ያልሰማ ጀማሪ እንዲከፍል ማድረግ ግን ተገቢ አልነበረም።

አድራሻን ቸል ማለት

ፑቲ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በርቀት ለመገናኘት የሚያገለግል፣ በኔትወርክ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ፕሮግራም ነው። እውነተኛው ገጹ ለረጅም ዓመታት በቃል ለመያዝ በሚያስቸግር ረዥም አድራሻ ላይ ሲኖር፣ ማንም ሰው ገምቶ የሚጽፈው ፑቲ ዶት ኦርግ ግን በሌላ ወገን የተያዘ ነው። ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) በዓመት የሚጠይቀው ክፍያ አነስተኛ ነው፤ ሌላ ሰው ከያዘው በኋላ ማስመለስ ግን በጣም ከባድ ነው።

ጽሑፍና ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት የሚያገለግለው የኦፕንኦፊስ ጉዳይ የተለየ ነው። በ2010 ብዙዎቹ ሠራተኞች ተለይተው ሊብሬኦፊስን ሲመሠርቱ፣ የታወቀው ስምና አድራሻ ከነባሩ ፕሮጀክት ጋር ቀረ። ኦፕንኦፊስ 4.1 ከወጣበት ከ2014 ወዲህ በዚያ በኩል የተለቀቁት ጥቃቅን እርማቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ስሙን የሚያስታውሱ ሰዎች ግን ዛሬም የሚያወርዱት እርሱን ነው። የሊብሬኦፊስ ባለቤት የሆነው ድርጅት ይህንን በመጥቀስ በጥቅምት 2020 ግልጽ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሷል።

ማውረጃን ለሌላ አሳልፎ መስጠት፣ ወይም የራስን ሳይጠብቁ መተው

የፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ የዊንዶውስ ፋይሉን ሶርስፎርጅ በተባለ የፕሮግራም ማሠራጫ ድረ ገጽ በኩል ያሠራጭ ነበር። በገጹ ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎች የማውረጃ ቁልፍ እየመሰሉ ሰውን ስላሳሳቱ በ2013 ጥሎት ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ሶርስፎርጅ የተተወውን ገጽ ተረክቦ ከማስታወቂያ ፕሮግራሞች ጋር የተጠቀለለ መጫኛ ሲያቀርብበት ተገኘ። በራስ ቤት ማስቀመጥም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃ ማስፈንጠሪያው የስለላ በር ወደተከፈተበት ፋይል እንዲያመለክት ተደርጎ ነበር፤ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ገጹ በሚሠራበት ዎርድፕሬስ በተባለ የድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም በኩል ነበር። ብዙ ፕሮጀክቶች ለኮዱ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለገጹ የማያደርጉ በመሆናቸው ይህ ሊደገም የሚችል አደጋ ነው።

ሳይሞከር እንዲጫን መጠበቅ

በአገልጋይ (ሰርቨር) ላይ የሚጫኑ ትላልቅ ሥርዓቶችን አንድ መሥሪያ ቤት ለማየት ብቻ ብሎ አይጭናቸውም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለጤና መረጃ የሚያገለግለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2፣ የሴራሊዮን ካርታና የሙከራ መረጃ የተሞላበት መለማመጃ በገጹ በኩል ያቀርባል። ማንም ገብቶ ሠንጠረዡንና ካርታውን ሊነካካ ይችላል።

የቆየ ዜና

«አዲስ ዜና» በሚል ርእስ ሥር ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ጽሑፍ ያየ ሰው ፕሮጀክቱ የቆመ ይመስለዋል። የሚያድሰው ከሌለ ክፍሉን ማንሣት ይሻላል።

የፋይሉን መጠንና ቋንቋውን አለመናገር

የሊብሬኦፊስ የዊንዶውስ መጫኛ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። ፈጣን መስመር ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ገዝቶ በስልኩ በኩል ላፕቶፑን ለሚያገናኝ ተማሪ ግን ከማውረዱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። መጠኑን ከማውረጃው ቁልፍ አጠገብ መጻፍ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ መስመር ሲቋረጥ ከቆመበት የሚቀጥልበትን መንገድ፣ ለምሳሌ ቶረንትን (ፋይልን በቁርጥራጭ ከብዙ ኮምፒውተሮች የማውረጃ ዘዴ)፣ ማቅረብም እንዲሁ።

ቋንቋን በተመለከተ ያለው ክፍተት ይብሳል። ሊብሬኦፊስ በበጎ ፈቃደኞች ድካም ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ ይሁን እንጂ ዊንዶውሱ በእንግሊዝኛ የሆነ ሰው መጫኛው የሚጠይቀውን ሁሉ ዝም ብሎ እየተቀበለ ከሄደ አማርኛው አይጫንለትም፤ በመጫኛው ውስጥ ራሱ ገብቶ የገጽታ ቋንቋዎችን መምረጥ አለበት። መኖሩን ያልሰማ ሰው ደግሞ አይፈልገውም። ከዚህ በተቃራኒ ኪማን የተባለው የመክተቢያ ፕሮግራም በገጹ ላይ የቋንቋን ስም ጽፎ መፈለጊያ አለው፤ አማርኛን የፈለገ ሰው ለአማርኛ የተዘጋጁትን የፊደል ሰሌዳዎች ያገኛል፣ የመረጠውንም ከዚያው ገጽ ይጭናል። ሌሎቹም ቢያንስ «ይህ ፕሮግራም በአማርኛም ይሠራል፤ ሲጭኑ ይህንን ይምረጡ» የሚል አንድ መስመር፣ በራሱ በአማርኛ ተጽፎ፣ ከማውረጃው ቁልፍ ሥር ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙን የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ይህችን መስመር ለመጻፍ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።