ጎንደር ላይ የባንክ ቤት ስትገዙ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

የባንክ ቤት የምለው ተበዳሪው ዕዳውን ባለመክፈሉ ባንክ የሚሸጠውን የመያዣ ቤት ነው። ሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን ያረጋገጠበት የክፍያ ማዘዣ) አሠርቶ ሐራጅ መግባትን ቤት እንደ መግዛት የሚቆጥር ሰው በዝቷል። ከሁሉ በፊት ስለዚህ ልናገር። ሰው ክፉኛ የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና።

የሐራጅ ማስታወቂያ አንሡና አንብቡ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ ተጫራች የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል። ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ አጠቃሎ ይከፍላል። ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስለትም። ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው መነሻ ዋጋው ላይ ብቻ ነው። የቀረውንስ ከየት ታመጣለህ ስትሉት «ከሌላ ባንክ እበደራለሁ» ይላል። አበዳሪ ባንክ እኮ መሐንዲስ ይልካል፣ ቤቱን ያስገምታል፣ ካርታ አምጣ ይላል። ካርታው ደግሞ ገና በባለቤቱ ስም ነው። 15 ቀን ለዚህ ሁሉ ከየት ትበቃለች?

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ማራኪ በኩል ደህና ቪላ አሸነፉ። ሀብታቸው መተማ መጋዘን ውስጥ ነበር። ስደውልላቸው «አይዞህ፣ ሰሊጡ እየተጫነ ነው» ይሉኛል። ገዢው ነገ ዛሬ አለ። ዋጋ ወረደና ትንሽ እንታገሥ አሉ። ቀኑ ሞላ። ያስያዙት ብር ቀረ፣ ቤቱም እንደገና ሐራጅ ወጣ። እኒህ ሰው ገንዘብ አጥተው አይደለም። በእጃቸው ያለ ጥሬ ብር አልነበረም እንጂ ሀብቱ ነበራቸው። የስንት ዓመት ድካም እንዲህ ሲቀልጥ ማየት ያማል። እባካችሁ፣ ሙሉው ብር ሒሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ አትጫረቱ።

ብድር የግድ ካስፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት አበዳሪ ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ቤቱን ባንኩ ሊረከበው ይችላል። እንዲህ የተረከበውን ሲሸጥ፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ ገዢ ብድር የሚያመቻች ባንክ አለ። ማስታወቂያው የሐራጅ ነው ወይስ ባንኩ የተረከበው ቤት ሽያጭ? ይህን ሳይለዩ የሚሯሯጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሌላው፣ ባለዕዳው ከሐራጁ በፊት ከፍሎ ቤቱን ሊያድን ይችላል። ስለዚህ የምትኖሩበትን ቤት ቀድማችሁ አትሽጡ።

ከበር ላይ አይቶ መመለስም ትልቅ ስህተት ነው። ባንኩ ቀጠሮ አስይዞ ያስጎበኛል። ግቡና ግድግዳውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት የሚመስል የጭቃ ቤት ብዙ ነው። ልስኑ ከጭቃው የለቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍታ ድረስ ቀለሙ ካበጠና ሲነኩት ከተፈረፈረ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናትና የድጋፍ ግንቡን ከታች በኩል ዞራችሁ እዩት። መሀሉ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ወይም የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው፣ ክረምት ሲመጣ የሚያስወጣችሁን ገንዘብ ከወዲሁ አስቡ። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቁ፤ ባንኩ ይህን አያውቅም። ሮቶ ከሌለም እሱን ወጪያችሁ ላይ ደምሩ።

ካርታውንና መሬቱን ሳታስተያዩ እንዳትገዙ። አዘዞ ላይ ያየሁት ቤት ከኋላ ተደርድረው የሚከራዩ ሰርቪሶች ነበሩት። ተጫራቹ ኪራያቸውን አስልቶ ነው ዋጋ የሰጠው። በሜትር ስንለካ ግን ሰርቪሶቹ ከካርታው ውጭ ናቸው። ባንኩ የሚያዛውርላችሁ በካርታው ላይ ያለውን ይዞታ ብቻ ነው። የካርታውን ቁጥር ይዛችሁ መሬት ቢሮ ሂዱ፤ እግድ መኖሩን፣ የሊዝና የግብር ውዝፍ መኖሩንም ጠይቁ። ውዝፉን ማን እንደሚከፍል ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ከባንኩ በጽሑፍ ተቀበሉ። የስም ማዛወሪያውን በገዢው ላይ የሚጥል ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለ አትርሱ።

ፒያሳ አካባቢ ገዝቶ አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት ያሰበ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቅ። የፋሲል ግንብ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በዙሪያው እንደልብ አይገነባም።

ቤቱ ውስጥ ማን አለ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባለዕዳው፣ እናቱ፣ ተከራዮቹ እዚያው ናቸው። ቤቱን ማን አስለቅቆ እንደሚያስረክባችሁ ከመጫረታችሁ በፊት ጠይቁ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። አንዱ ገዢ በመጀመሪያው ቀን እየጮኸ፣ እያስፈራራ ሄደ። የተረከበው በሩና ቧንቧው የተነቀለ ቤት ነው። አንዲት መምህርት ግን ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ ታገሠቻቸው። ስምምነቱንም በወረቀት አስፈረመች። እናትየው ቤቱን ጠርገው ቁልፉን በእጃቸው ሰጧት። ደግሞስ ነገ በአንድ እድር የምትገናኙት ሰዎች አይደሉም?

ውጭ አገር ላለ ወንድም ወይም እህት የምትጫረቱ፣ ውክልናው ሐራጅ መጫረትንና ቤት መግዛትን በግልጽ የሚጠቅስ ይሁን። ሲፒኦውን በራሳችሁ ስም አሠርታችሁ በራሳችሁ ስም ካሸነፋችሁ ካርታው የሚዞረው ወደ እናንተ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እሱ ስም ለማዛወር እንደገና ሽያጭ ወይም ስጦታ፣ እንደገናም ክፍያ ይመጣል።