በውጭ አገር እየኖሩ በሰሜን ሸዋ መኪና መያዝ፦ ከውክልናው እስከ ጣርማ በር ቁልቁለት

ውጭ አገር የሚኖር የደብረ ብርሃን፣ የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ተወላጅ አገር ቤት መኪና ለመያዝ ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመኪናው ዓይነት ነው፤ ቶዮታ ይሻላል ወይስ ሱዙኪ፣ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን እያለ ያወጣል ያወርዳል። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ባለቤቱ በማይኖርባቸው ወራት ቁልፉ በማን እጅ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ አጥጋቢ መልስ ያላገኘ ሰው መኪናውን ባይገዛ ይመረጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ መጥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚመለስም ቢሆን ከነሾፌሩ ቢከራይ ከመድን፣ ከጥበቃና ከጥገና ወጪው ይድናል። መግዛት የሚያዋጣው በየዓመቱ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆይ ወይም ቤተሰቡ ወላጆቹን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ዓመቱን ሙሉ ለሚገለገልበት ሰው ነው።

ግዢው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የገዢው ምርጫ በሁለት ተወስኗል፤ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ የነዳጅ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ መኪና። በሚኖርበት አገር የሚነዳትን መኪና ጭኖ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ይህን በቅድሚያ ሊያጣራ ይገባል። በእንግሊዝ፣ በደቡብ አፍሪካ ወይም በአውስትራሊያ የሚኖር ደግሞ አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል የምትነዳ መሆኗን፣ የመኪኖቹም መሪ በግራ በኩል መሆኑን አይዘንጋ።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ በአንድ ሊመሳከሩ፣ በመኪናው ላይም የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ ፋይሉ ከሚገኝበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሊጣራ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን መጠንቀቅ የሚያሻው በአገራችን እጅግ ከተለመደ አንድ አሠራር ነው። ሻጩ የስም ማዛወሪያ ወጪውን ለመሸሽ ወይም ጉዳዩን ለማፋጠን ሲል መኪናውን በሽያጭ ውል ፈንታ በውክልና ብቻ ያስረክባል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን ቢይዝም ሊብሬው ላይ የሚነበበው የሻጩ ስም ነው። ሻጩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው በመሠረቱ ያበቃና ገዢው ከወራሾቹ ጋር ክርክር ይገጥማል። አገር ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ በየቢሮው እየተመላለሰ ይከራከራል። ባሕር ማዶ ያለ ግን ይህንንም በሌላ ሰው በኩል ማድረግ ስለሚኖርበት የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ተፈርሞ ስሙ ሙሉ በሙሉ ሳይዛወር ክፍያውን ማጠናቀቅ የለበትም። ዜግነቱን የቀየረ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉትን፣ አስቀድሞ ቢያወጣ ጉዳዩ ይቀልለታል።

መኪናው የሚኖረው ደብረ ብርሃን ከሆነ ፋይሉም ወደዚያው ቢዛወር መልካም ነው። ፋይሉ አዲስ አበባ የቀረ እንደሆነ መኪናውን የሚጠብቀው አደራ ተቀባይ አንድ ማኅተም ለማስመታት 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ሊኖርበት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስቡ አንድ ስሌት ላቅርብ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 1,700 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይፈልጋል፤ አግድም የሚጓዝበት ርቀትና በመንገድ የሚባክነው ኃይል በዚህ አልተቆጠረም። ስለዚህ ፋብሪካው የጻፈው የኪሎ ሜትር ቁጥር በዚህ መንገድ ላይ እንዳለ አይሠራም። ሲወርዱ ሞተሩ ከፊሉን መልሶ ስለሚሞላ ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን ምልልስ እንዲህ ያለው መኪና ይመቻል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ድረስ የሚመላለስ ግን የመብራት መቆራረጡንም አስቦ ለጊዜው የነዳጁን ቢይዝ የተሻለ ነው እላለሁ።

ውክልናውና ኃላፊነቱ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሚደነግገውን ውጭ አገር የሚኖር ባለመኪና ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ከዚህ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ባለቤቱ ሚኒሶታ ተኝቶ ሳለ የወንድሙ ልጅ ጫጫ አካባቢ ሰው ቢገጭ የካሳው ጥያቄ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ወደተጻፈው ሰው ነው። ከዚህ በታች የሚነሳው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ውክልናው በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ከዚያም አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ለሥራ ይውላል። በጥቅል ቃል የተሰጠ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት የአስተዳደር ሥራን ብቻ የሚያስፈጽም ስለሆነ የሚፈለገው ሥልጣን ሁሉ በስሙ እየተጠራ መጻፍ አለበት፦ መኪናውን ማስመርመርና ቦሎ ማውጣት፣ መድን ማሳደስ፣ ማስጠገን፣ አደጋ ሲደርስ በፖሊስና በፍርድ ቤት መቅረብ፣ ከመድን ድርጅት ካሳ መጠየቅና መቀበል። የታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹም ይስፈሩ። የመሸጥ፣ የመለወጥና በዋስትና የማስያዝ ሥልጣን ግን በዚህ ሰነድ ላይ መግባት የለበትም፤ ይልቁንም ተወካዩ እነዚህን ማድረግ እንደማይችል በግልጽ ቢጻፍ ይመረጣል። «ምናልባት ቢያስፈልግ» ተብሎ የሚጨመረው የመሸጥ ሥልጣን ስንት ወንድማማች እንዳቃቃረ አገሩ ያውቀዋል።

መድንን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም። ይህ ሽፋን የካሳ ጣራ ስላለው ከጣራው የተረፈው ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል፤ የራሱን መኪና ጉዳትም አይሸፍንም። ስለዚህ ከሩቅ ለሚኖር ባለቤት ሙሉ ሽፋን ያለው መድን የግድ ነው። ውሉን ሲፈርሙ ሁለት ነጥቦችን ልብ ይበሉ። አንደኛው የመኪናው ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ስለወረደ ቀድሞ የተጻፈው ዋጋ ከገበያው ጋር አይገናኝም። ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ብር መድን የተገባለት ከሆነ ድርጅቱ የሚከፍለው በዚያው ልክ፣ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋጋው በየዓመቱ እድሳት ይስተካከል። ሁለተኛው በግጭትና በሁከት ምክንያት የሚደርስ ጉዳት ነው፤ የተለመደው የመኪና መድን ይህን ስለማይሸፍን የፖለቲካ ዓመፅና የሽብር ጉዳት ሽፋን ተጨማሪ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎ ለብቻው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ካለው ግጭት አንጻር በሰሜን ሸዋ መንገዶች የሚንቀሳቀስ መኪና ያለዚህ ሽፋን ቢቀመጥ አልመክርም።

አደራ ተቀባዩ

ታማኝነት ብቻውን አይበቃም። አደራ ተቀባዩ እምቢ ማለት የሚችል ሰው መሆን አለበት። ጥር ሲገባ የሠርግ ወራት ነውና ሙሽራ የሚድርበት ዘመድ ሁሉ ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና ያያታል፤ ለቀብር፣ ለክርስትናና ለመልስም እንዲሁ። ታናሽ ወንድም አጎቱን «አይቻልም» ሊል አይደፍርም፤ ቢደፍርም ነውር ይሆንበታል። ስለዚህ እምቢታውን ባለቤቱ ራሱ ይሸከምለት፦ መኪናውን ሊነዱ የሚችሉት ሰዎች ስም በጽሑፍ ተዘርዝሮ ይቀመጥ፣ የመንጃ ፈቃዳቸው ቅጂም ይያያዝ። ከዝርዝሩ ውጭ ለመጣ ሰው «መድኑ ለእርስዎ አይሠራም፣ ጋሼ» ማለት ለተጠያቂው ቀላል ነው፤ ጠያቂውም አይቀየምም።

ጠባቂው ወንድም ቢሆንም ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጥለት። ክፍያ የሌለው አደራ ውሎ አድሮ በመጠቀም መብት ይካካሳልና። የጥገናና የነዳጅ ወጪ ከዚህ ተለይቶ በደረሰኝ ቢወራረድ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በየወሩ ፎቶ ተነሥቶ ቢላክ ነገሩ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ዋናው ሊብሬ መኪናው ውስጥ አይቀመጥ።

መኪናው ቆሞ ሲከርም

የደብረ ብርሃን ብርድ ለቆመ መኪና ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ስለሚጥል ያረጀ ባትሪ ጠዋት ሞተር ለማዞር አቅም ያጣል፤ በራዲያተሩ ውስጥም በብዙ ቦታ እንደሚደረገው የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ኩላንት ሊኖር ይገባል። ኩላንት ከብርዱ ባሻገር ለከፍታውም ይጠቅማል፦ በ2,800 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ተራ ውኃ የያዘ ሞተር በአቀበት ላይ ቶሎ ይፈላል።

ጠባቂው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል ሊነዳው ይገባል። ቆሞ ሞተር አስነሥቶ ማጥፋት ባትሪውን ሳይሞላ ዘይቱን በእርጥበት ስለሚበክል ጥቅሙ አነስተኛ ነው። የሚነዳው ሰው ከሌለ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀል፣ ጎማዎቹ በደንብ ይነፉ፣ ታንከሩም ውስጡ እርጥበት እንዳይቋጥር ይሞላ። የእጅ ፍሬን ለወራት ተይዞ ከቆየ ሊጣበቅ ስለሚችል ማርሽ አስገብቶ ጎማውን በድንጋይ መደገፍ ይበልጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ሙሉም ባዶም ሳይሆን ግማሽ ገደማ ላይ ይተው፤ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ግን በዚህም መኪና ላይ እንደማንኛውም ይሞታል። መኪናው ከጭድ ክምርና ከእህል ጎተራ ርቆ ይቁም፤ አይጥ የሽቦ ልባስ በልታ የምታስወጣውን ወጪ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ያውቁታል።

መንገዱ ላይ

የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ በኢምባሲውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ሊለወጥ ስለሚችል ማስረጃውን ከመነሣት በፊት ማዘጋጀት ነው። የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሚፈጸም ቴሌብር የተከፈተበት የአገር ውስጥ ሲም ካርድም ያስፈልጋል።

በመሐል አውሮፓ ሜዳ ላይ ለዓመታት የነዳ ሰው ከጣርማ በር በታች ያለውን ቁልቁለት አክብሮ ይግባበት። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከፈለፈሉት ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬን ረግጦ መቆየት ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን ቁጥር) ማስገባትና ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ማርሹን ዝቅ ማድረጊያ አለው። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በጀማ ሸለቆ ሲወረድም፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲታጠፍም ሕጉ ያው ነው። በክረምት ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው የጭነት መኪና እንኳ ስለማይታይ ዝቅተኛውን መብራት አብርቶ መጓዝ፣ ካልሆነም ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ሆኖ መጠበቅ ይገባል። በከፍታው የተነሣ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ በአቀበት ለመቅደም ሲሞከር ይህ ይታሰብ።

ስኮርታው መነፋቱን፣ ክሪኩ መኖሩን ሳያረጋግጡ ከከተማ አይወጡ። በሌሊት አይጓዙ። የመንገዱን የዕለት ሁኔታ በዚያው ቀን ያለፉ ሾፌሮች ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጎራ ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ «መንገዱ ደህና አይደለም» ከተባለ ጉዞው ለሌላ ቀን ይዛወር።

ሲሸጥ

መኪናውን መሸጥ ሲያስፈልግ ባለቤቱ ራሱ ቢገኝ ይመረጣል። ካልተቻለ ለዚያ ሽያጭ ብቻ የሚያገለግል፣ የመኪናውን ቁጥሮች፣ ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ የሚጠቅስ አዲስ ውክልና በኤምባሲው በኩል ይላክ። ገዢው በውክልና ብቻ ልረከብ ቢል እሺ አይባል፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በቁጥር 2081 የተጠቀሰው ኃላፊነት ከሻጩ ላይ አይወርድምና። ስም ማዛወሩ ካለቀ በኋላ የቀድሞው የአስተዳደር ውክልና በጽሑፍ ይሻር፤ መሻሩም ሰነዱ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ለመድን ድርጅቱና ለተወካዩ ይገለጽ፤ ካልተቃጠለው የመድን ጊዜ ተመላሽ የሚሆን ዓረቦን ካለም በዚያው ይጠየቅ።